ከዜሮ እስከ ሰባት

ነርሷ ወረቀት ሰጠችኝ፣ እስክሪብቶ ከላዩ፤
ቂርያት ጋት፣ ክሊኒኩ ውስጥ፣ ከሚዛኑ ትይዩ።
አንቱታ የለም በዕብራይስጥ፤ «ዋሴ» አለችኝ ኦርናት፣
«ስኳርህ አልወርድ ብሏል፤ ሰውነትን ማንቃት፣
ልምምድ መጀመር አለብህ። ግን ከየት እንነሣ?
ያንተን ልክ አንተው ንገረኝ፤ አንዱን ቁጥር አንሣ።»

ከዜሮ እስከ ሰባት ቁጥር፣ እንደ መሰላል ቆሞ፣
በያንዳንዱ እርከን ላይ የሰው ኑሮ ታትሞ።
ስመኝ፣ አስተርጓሚዋ፣ ገና ዜሮን ስታነብ
እኔ ሰባትን አየሁት፤ ቸኮልሁ ለመክበብ።

ምን ያሳፍረኛል?
ሌት ለሌት በእግሬ ሄጄ ሱዳን የደረስሁ፣
እናቴን በጀርባዬ አዝዬ ወንዝ የተሻገርሁ፤
እኔ ሰባት ያልሆንሁ፣ ማን ሊሆን ነው ታዲያ?
ይህን ሁሉ ዘረገፍሁ፣ በዚያች ጠባብ መቀበያ።
ስመኝ አቀርቅራ ሰማች፤ ሳልጨርስ አላቋረጠችኝ፤
ከራስጌ ያለችውን መስመር በጣቷ አሳየችኝ፦
«አባባ፣ ‹ባለፈው አንድ ወር› ነው የሚል ጥያቄው።
ሱዳን የገቡበት እኮ አርባ ዓመት አለፈው።»

ባለፈው አንድ ወር።
ባለፈው ወርማ…
በሱፐር ማርኬቱ በር፣ ወንበሬ ላይ ተተክዬ፣
የሰው ከረጢት ስከፍት፣ «ሻሎም፣ እለፊ» ብዬ፤
ለሁለት ፌርማታ መንገድ አውቶቡስ ስጠብቅ፣
ቤቴ ስደርስም በሊፍት፣ እስከ አራተኛ ፎቅ።
ከመላ አካላቴ ይልቅ የሠለጠነው ጣቴ ነው፤
ቁጥር አራትን በጨለማ ሳይሳሳት የሚነካው።

«ዜሮስ ምን ይላል?» አልኋት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
«ሊፍት ካለ በደረጃ የማይወጣ፤
ለቅርብ መንገድ እንኳ መኪና የሚመኝ።»
ስሜን ብቻ ነው የረሱት፤ የቀረውስ እኔው ነኝ።

ማታ ለባዩሽ ሰጠኋት፤ ትርፍ ቅጂ ነበረኝ።
ሳትቀመጥ ሞላችው። ዜሮ።
«ስፖርት የት አውቄ?» አለች፣
የትምህርት ቤቱን ሦስት ፎቅ ስትወለውል ውላ፣
በያንዳንዱ እጇ ባልዲ፣ ውኃ ሙሉ አንጠልጥላ።
እኔ ሰባት፣ እሷ ዜሮ፤ አንድ አልጋ ላይ ተኛን፣
ማናችንም ራሳችንን በልካችን ሳንመዝን።

በሳምንቱ ስመለስ፣ «የሰንበቱስ?» አልኋት፤
«እሱስ ይቆጠራል ወይ?» አልገባትም ኦርናት።
«በሰንበት ሊፍት አልነካም። ለጸሎት ወርጄ ስመለስ
ሰባ ሁለት ደረጃ ነው፣ ቤቴ እስክደርስ።»
«ልብህ ይመታል?»
«ከሦስተኛው ፎቅ ላይ» አልሁ፤ ሁሉን ግን አልተናገርሁ፦
ከመርሻ በር ቆሜ መዙዛውን እንደምስመው፣
አንዴ ሳይሆን ሦስቴ፣ ትንፋሼ እስኪመለስ ነው።
መርሻ ግን «ዋሴ ጻድቅ ነው» ብሎ ለሰው ያወራል።

ኦርናት ሰባትን ሰረዘች፤ ሁለት ላይ ምልክት አኖረች።
«ሰባት ነው ብዬ ባስሮጥህ ጉልበትህ ይሰበራል» አለች፣
«ሁለት እውነት ከሆነ ግን፣ ሦስት አይርቅም ከሱ።
ደግሞ ሚስትህን አምጣት፤ እሷን ነው ያሳነሱ።»

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስገባ፣ ሊፍቱ ተከፍቶ ጠበቀኝ፤
ሉድሚላ፣ የአምስተኛዋ፣ በሩን በእግሯ ያዘችልኝ።
«ትገባለህ?»
«ሰንበት ነው» አልኋት፣ ሳላስበው አምልጦኝ።
«ኧረ ማክሰኞ ነው!» አለች፤
በሩ ተዘጋ፤ ብርሃኑም ከነሳቋ ወጣ።

አሥራ ስምንት። ሠላሳ ስድስት። ጉልበቴ ቋ አለ።
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ልቤ ደረቴን አንኳኳ፤
እጄም በሰው መቃን ላይ
መዙዛ መፈለግ ጀመረ።